ለገና ያልደረሰ

ኅዳር ሲጋመስ በምሠራበት ሆስፒታል ያለው የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል መልኩ ይለወጣል። ከቡና ማፍያው ጎን፣ ከወንበሮቹ ሥር፣ ከመስኮቱ ደፍ ላይ የክር ከረጢቶች ይደረደራሉ። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ለልጅ ልጇ ካልሲ ትሠራለች። የራጅ ባለሙያዋ ለእኅቷ የአልጋ ልብስ የሚሆኑ ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቆች ቆርጣ በላስቲክ ከረጢት ይዛቸው ትዞራለች። በወጣትነቱ ወታደር የነበረው ግዙፉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደግሞ በኪሮሽ የሕፃን ኮፍያ ይሠራል፤ እነዚያ ወፍራም ጣቶች ያችን ቀጭን መንጠቆ ሳይጥሏት እንዴት እንደሚያሾሯት ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዚህ በምኖርበት በሚኒሶታ ብርዱ ሰውን በጊዜ ከቤት ያስገባዋል፤ ከቤት የገባ እጅ ደግሞ ሥራ ይፈልጋል።

እነዚህ ሰዎች የሚጋሩት አንድ አመል አለ። አንዳቸውም አንድ ነገር ብቻ አይሠሩም። ለእናት የአንገት ልብስ፣ ለአማች ጓንት፣ ለልጅ መምህር ጥልፍ፣ ለጎረቤት ትንሽ ትራስ እየተባለ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል፤ የተጀመረው ሁሉ ደግሞ ባለቤት አለው፣ ቀንም ተቆርጦለታል። ዲሴምበር 25 ሲቃረብ በማረፊያው ክፍል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማው ቃል «አይደርስልኝም» ነው። ቃሉ በሳቅ ይነገራል፤ ከሳቁ በታች ግን ሐኪም የማይስተው ጭንቀት አለ። ሰው ሊያስደስተው የጀመረው ነገር ስለ ምን ያስጨንቀዋል? እጅን ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ማካፈልስ ልግስና ነው ወይስ ለማንም ሙሉ ሆኖ ያለ መገኘት ነው? ይህን የምጠይቀው ከዳር ቆሜ አይደለም፤ ከባለ ከረጢቶቹ አንዷ እኔ ነኝ።

ከሙያዬ የመጣ ይሁን ከተፈጥሮዬ፣ ሒሳቡን ሳልሠራ አልቀርም። መካከለኛ ውፍረት ባለው የሱፍ ክር የተሠራ ሹራብ በ10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ወደ 20 የክር ቀለበት፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ወደ 28 ረድፍ ይይዛል። የደረቱ ዙሪያ 100፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአዋቂ ሹራብ፣ አካሉ ብቻ 200 ቀለበት በ168 ረድፍ፣ ማለትም 33,600 ቀለበት ነው። ሁለቱ እጅጌዎች ሲጨመሩበት ወደ 48,000 ይጠጋል። በደቂቃ 25 ቀለበት የሚሠራ እጅ 32 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ አንገቱን መጨረሱ፣ መገጣጠሙ፣ አጥቦ ማድረቁ አልተቆጠረም። እዚህ አገር የሰዉ ልብ ወደ ገና የሚዞረው ከምስጋና ቀን ጀምሮ ነው። ይህ በዓል በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ላይ ስለሚውል ከዚያ እስከ ዲሴምበር 25 ያለው ጊዜ እንደ ዓመቱ ከ27 እስከ 33 ቀን ነው። ከሥራ መልስ በየምሽቱ 2 ሰዓት ቢገኝ ቢበዛ 66 ሰዓት ይሆናል፤ ሁለት ሹራብ መሆኑ ነው። አራት ሹራብ ቃል የገባ ሰው የተጣላው ከስንፍናው ጋር ሳይሆን ከቁጥር ጋር ነው። ይህን ለባልደረቦቼ ባሳያቸው ሳቁብኝ። አንዲቱ፣ «ዶክተር፣ ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ይሰጣል እንዴ?» አለችኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

በዲሴምበር ወር ወደ ምርመራ ክፍሌ ከሚመጡት መካከል የእጅ አንጓቸውን ይዘው የሚገቡ ሴቶች አይጠፉም። ስዊሳዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ደ ኬርቬን በ1895 የገለጸው ሕመም ነው። የአውራ ጣትን ጅማቶች በአንጓው ላይ አቅፎ የሚይዘው ሽፋን ከተደጋገመ እንቅስቃሴ የተነሣ ይወፍራል፣ ይጠባል፤ ጅማቱ እንደ ልቡ መመላለስ ያቅተዋል። ሕመምተኛዋ አውራ ጣቷን በጡጫዋ ውስጥ ከትታ አንጓዋን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ስታዘነብል ፊቷ ይለወጣል። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ዕረፍት ነው። «ለጥቂት ሳምንታት መርፌውን አስቀምጪው» እላለሁ፤ መልሱ ዘወትር «ከገና በኋላ» ነው። አንዲት አያት ግን የተለየ ነገር ነገረችኝ። አምስት የልጅ ልጆች አሏት። «ለሁለቱ አድርሻለሁ፤ ለሦስቱ ሳላደርስ ባርፍ፣ ሦስቱ ምን ብለው ያድራሉ?» አለች። በዚች ሴት ዘንድ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መጀመር የመስገብገብ ጉዳይ አልነበረም። ፍርድ ነበር፤ ማንም እንዳይቀር፣ ማንም እንዳይበልጥ። ብዙ የሚጀምሩትን ሰዎች ልንነቅፋቸው ስንነሣ ይህን ክርክር ማለፍ አይገባንም። ለአንድ ልጅ ብቻ የተሠራ ቀሚስ በሌላው ልጅ ልብ ውስጥ የሚሠራውን፣ ብዙ ልጆች ካሉበት ቤት የወጣን ሁላችን እናውቀዋለን።

ደግሞስ ምን አስገደዳቸው? አንድ ሹራብ የሚወጣበት ጥሩ የሱፍ ክር፣ ተሠርቶ ያለቀ ሹራብ በሱቅ ከሚሸጥበት ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ እጅ ሥራ የሚሰጥ ሰው የሚሰጠው ዕቃ አይደለም። የሚሰጠው ከዕድሜው የቆረጠውን ሰዓት ነው። ገንዘብ ተመልሶ ይገኛል፤ 32 ሰዓት አይመለስም። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ በ1925 ስለ ስጦታ በጻፈው ጥናቱ መስጠትም፣ መቀበልም፣ መመለስም ግዴታ የሆነባቸውን ማኅበረሰቦች አሳይቶ ነበር። እኛ ለዚህ ጥናት አያስፈልገንም፤ ውለታ የሚል ቃል አለን። ውለታ ደስ ያሰኛል፣ ያስራልም። በእጅ የተሠራ ሹራብ የተቀበለ ሰው ሹራቡን ባይወደው እንኳ አውልቆ ሊጥለው አይችልም፤ የሰው ሰዓት ነዋ። አጎት ከሰጡት ቀለሙ ከማይስማማ ሹራብ ጋር አሥር ዓመት የሚኖር ሰው አይታችሁ ይሆናል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከእጅ ሥራ ጋር ያለን ዝምድና የተወላገደ ነው። ሥራውን ስንወድ ሠሪውን ስንንቅ ኖረናል። ሸማውን ለብሰን ሸማኔውን፣ ማረሻውን ይዘን ቀጥቃጩን፣ ገንቦውን ተሸክመን ሸክላ ሠሪዋን ሰድበናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዕድሜ አግኝቷል። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተጣጣፈውንም ደሪቶ ብለን የድህነት ምልክት አድርገነዋል። እዚህ አገር ይኸው ደሪቶ፣ ማለትም ከላይ ቁርጥራጩ፣ ከመካከል ጥጡ፣ ከሥር ገበሩ በስፌት የተያያዘው ባለ ሦስት ድርብ ልብስ፣ ኩዊልት ተብሎ ይከበራል። በአላባማ ጂስ ቤንድ በምትባል ሰፈር የሚኖሩ፣ የባሮች ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ የሰፏቸው ኩዊልቶች በ2002 መጀመሪያ በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። እኒያ ሴቶች ሲሰፉ ሐሳባቸው ግድግዳ አልነበረም፤ በስንጥቅ የሚገባው ነፋስ ልጆቻቸውን እንዳያገኛቸው ነበር። ይህን የማነሣው ለወግ አይደለም። አንድ የእጅ ሥራ መለካት ያለበት በምኑ እንደ ሆነ የምናውቀው፣ ከበዓሉ ስጦታ በፊት ማን እንደ በረደው ስንጠይቅ ነው። ጥያቄው እኔንም በኋላ አግኝቶኛል።

በ1979 ዓ.ም. ለሕክምና ትምህርት ወደ ሌኒንግራድ ስሄድ እናቴ ጋቢ ሰጠችኝ። ጋቢውን የሠራው የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፤ ክሩን የፈተለችው ግን እሷ ናት። ጥጡ ሲዳመጥ፣ በደጋን ሲነደፍ፣ ባዘቶው ሲጠቀለል፣ እንዝርቱ ሲሾር ማየት ለኛ ቤት አዲስ ነገር ስላልነበረ ለማን እንደሚፈተል የጠየቀ አልነበረም። ድሩ ጠንከር፣ ማጉ ለስለስ ብሎ ይፈተላል። ባለ አራት ድርብ ጋቢ ስንት ልቃቂት እንደሚበላ ፈትለው የሚያውቁ ያውቁታል። የትምህርት ዕድሉን ማግኘቴ የተነገረኝ በሰኔ ነው፤ እሷ መፍተል የጀመረችው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት መሆኑን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ከእኅቴ ነው። «ትሄዳለች ብላ ነበር ወይስ ላግባት ብላ?» ብዬ ብጠይቅ እኅቴ ሳቀች። ሁለቱንም አስባ ሊሆን ይችላል። ጋቢው ለሁለቱም ይሆናል።

እናቴን ቅድስት አድርጌ መሳል አልፈልግም። እሷም የጀመረችውን ሁሉ የምትጨርስ ሴት አልነበረችም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የጀመረችው ሞሰብ ከወገቡ ሳያልፍ ቀርቶ ለዘመናት የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኖ ኖሯል። የማርያም ዕለት እንዝርት አትነካም፤ የገብርኤልም፣ የሚካኤልም እንዲሁ። ከወሩ ቀናት የሚተርፈው ስንት እንደ ሆነ መቁጠር ነው። ሆኖም ለሰው ብላ የጀመረችው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ሳያልቅ ለሌላ ሰው አትጀምርም። ምክንያቱን ጠይቄያት አላውቅም።

እኔ ሹራብ መሥራት የተማርኩት በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው፤ የለመድኩት ግን በሌኒንግራድ የተማሪዎች ማደሪያ፣ ከሩሲያውያን ልጃገረዶች ጋር ነበር። ከዚያ ወዲህ እጄ አርፎ አያውቅም። በ2006 ዓ.ም. መስከረም ላይ ለእናቴ ከፊት የሚቆለፍ የወይን ጠጅ ቀለም ሹራብ ጀመርኩ። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ እንዴት እንደምትበርድ ርቆ የኖረ ሰው ይረሳዋል፤ እሷ ግን በስልክ፣ «ዘንድሮ ብርዱ አጥንት ይገባል» ብላኝ ነበር። ስታማርር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጀርባውንና ሁለቱን ፊት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ጨረስኩ። አንዱን እጅጌ ጀመርኩ።

ከዚያ ከረጢቱ በዛ። የክፍል ኃላፊያችን ጡረታ ልትወጣ ስለሆነ የአንገት ልብስ ይገባታል ተባለ። ለልጄ መምህር ጓንት አሰብኩ። ሆስፒታሉ በገና ሰሞን ለሚወለዱ ሕፃናት ኮፍያ ስለሚያድል አሥር ኮፍያ እሠራለሁ ብዬ በዝርዝሩ ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ ማንም አላስገደደኝም። ለባልደረባዬ ልጅ ደግሞ ትንሽ ሹራብ ጀመርኩ። የነዚህ ሁሉ ቀን ዲሴምበር 25 ነበር፤ በኛ ታኅሣሥ 16። የእናቴ ገና ታኅሣሥ 29 ነው። በሁለቱ መካከል 13 ቀን አለ። እነዚህ 13 ቀናት በእጄ ያሉ ትርፍ ቀናት መሰሉኝ። በየማታው ከረጢቱን ስከፍት የወይን ጠጁን ክር ወደ ጎን አደርግና «የሷ ይቆያል» እላለሁ።

ይህ አነጋገር ለሐኪም እንግዳ አይደለም። ብዙ ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ማን ቀድሞ ይታይ የሚለውን መወሰን የሙያችን አንዱ ሸክም ነው። የናፖሊዮን ጦር ቀዶ ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኛ በማዕረጉና በወገኑ ሳይሆን በቁስሉ ክብደት ተራ እንዲይዝ በማድረጉ ይታወሳል። የድንገተኛ ክፍሎቻችን ዛሬም በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ፤ መቆየት የሚችል ይቆያል። ነገር ግን የዚህ ሥርዓት ሁለተኛ ክፍል አለ፤ ከሙያው ውጪ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም። እንዲቆይ የተደረገ ሰው ተመልሶ ይታያል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሄደህ ትንፋሹን፣ የደም ግፊቱን፣ የፊቱን መልክ ታያለህ፤ መቆየት የሚችል የነበረው አሁን የማይችል ሆኖ ሊሆን ይችላልና። ቆይ ብሎ ሄዶ አለመመለስ ከመጀመሪያው ካለማየት ይብሳል፤ ምክንያቱም ሰውየው ታይቻለሁ ብሎ ዝም ብሏል።

ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ አንዲት ወዳጃችን ዕቃ እንድትወስድልኝ ቦታ ትታልኝ ነበር። ሁለተኛው እጅጌ አልተጀመረም ነበር። የስኳር መለኪያ፣ ቫይታሚንና ጥቂት ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ላክሁ። ለእናቴ ደወልኩና ሹራቡ እንዳልደረሰ ነገርኳት። «እማዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ በሚቀጥለው ሰው እልከዋለሁ» አልኳት። እሷም፣ «ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ፤ ለገና ያልደረሰ ለጥምቀት ይደርሳል» አለችኝና ሳቀች። የምትቀልደው በተረቱ ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለውን እያወቀች፣ እኔን ለማቅለል አለሳልሳ ገለበጠችው። ታኅሣሥ 21 ቀን፣ በማርያም ዕለት፣ በማለዳ አረፈች። ልብ ነው አሉ። ወዳጃችን የያዘችው ፖስታ ከመሞቷ በፊት ደርሷት ነበር፤ የስኳር መለኪያው ከነማሸጊያው ተገኝቷል።

ሰዎች ሲያጽናኑኝ ያሉኝን ሁሉ አውቃለሁ። ሹራብ ሞትን አያስቀርም፤ እንደ ሐኪምነቴ ይህን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም። ደግሞም እናትሽ እንደምትወጃት ታውቅ ነበር ይሉኛል። አዎ፣ ታውቅ ነበር፤ ችግሩም ከዚያ ላይ ነው። ለዓመታት ያሰብኩበትና አሁን እውነት የመሰለኝ ይህ ነው። በዚያ ኅዳርና ታኅሣሥ ከረጢቱን ስከፍት ተራውን የሰጠሁት በፍቅር መጠን አልነበረም፤ በፍቅር ቢሆን የእናቴ ይቀድም ነበር። በችግር መጠንም አልነበረም፤ በችግር ቢሆን የበረዳት እሷ ናት፣ የክፍል ኃላፊያችን ቁም ሣጥን በአንገት ልብስ የተሞላ ነው። ተራውን የሰጠሁት በመፍራት መጠን ነበር። ቅር የሚለው ሰው ቀደመ። ይቅር የሚለው ሰው ወደ ኋላ ቀረ። እናቴ ግድ የለም እንደምትል ስለማውቅ፣ ግድ የለሽምቷን አስቀድሜ ተበድሬ ለሌሎች ከፈልኩበት።

በማረፊያው ክፍል ከሚሰማው «አይደርስልኝም» በስተ ኋላ ያለውም ይህ ይመስለኛል። የእጅ ሥራው ብዛት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ያቺ ባለ አምስት የልጅ ልጅ አያት ትክክል ናት፤ እኩል መስጠት የፍቅር አንድ መልክ ነው። ስሕተቱ የሚገባው ለተራው ስንሸነፍ ነው። ማን ይጠብቀናል? ማን ዝም ይላል? ማን ይረዳናል? የነዚህ ጥያቄዎች መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ እሱም የቤታችን ሰው ነው። ለሩቁ ሰው ጓንት ስንሠራ አጠገባችን ተቀምጦ «ጨርሰሽ ታወሪኛለሽ?» የሚለውን ልጅ እንዲቆይ እናደርጋለን። ልጄ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። ለመምህሯ የተሠራውን ጓንት ወስዳ ስትሰጥ ደስ ብሏት እንደሆነ ጠየቅኋት። «መምህሬ ደስ አላት» አለች።

ባልደረባዬ፣ ቆጥሮ የሚሰጥ ይሰጣል እንዴ ላለችው፣ አሁን መልስ የምሰጣት ይመስለኛል። ሳይቆጥር የሚሰጥ ሰው የለም። የሚቆጥረውን የማያውቅ ሰው ግን አለ።

የቀረው ጥያቄ ባለ አንድ እጅጌውን ሹራብ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። አንዲት ወዳጄ፣ «ስጪኝና እኔ ልጨርሰው፤ እኅትሽ ትልበሰው» ብላኝ ነበር። እዚህ አገር ይህ ነገር ሥርዓት ያለው ሥራ ሆኗል። በ2022 ሁለት ጓደኛሞች ሉስ ኤንድስ የሚባል ድርጅት አቋቁመው፣ ሠሪው ሞቶ ወይም አቅሙ ደክሞ ሳያልቅ የቀረን ሹራብ፣ ኩዊልት፣ የኪሮሽ ሥራ በፈቃደኞች እጅ አስጨርሰው ለቤተሰቡ እንዲመለስ ያደርጋሉ። በጣም የምወደው ሥራ ነው። አንዲት ሴት ለባሏ ስትሠራው የሞተችበትን ሹራብ ሌላ የማታውቃት ሴት ካቆመችበት ረድፍ ላይ አንሥታ ስትጨርሰው፣ ከዚያ በላይ ምን ዐይነት ደቦ ይኖራል? የኔ ግን የዚያ ተገላቢጦሽ ነው። የሞተችው ተቀባይዋ ናት፤ ሠሪዋ እዚሁ አለሁ፣ እጄም ደኅና ነው። የሚጎድለው ጉልበት አይደለም።

ለማይቀበል ሰው የሚሠራ ነገር ከንቱ ነው ለማለትም አልደፍርም። ኦክቶበር 11 ቀን 1987 በዋሽንግተን ሰፊው መስክ ላይ በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ የተሰፋው ኩዊልት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘረጋ 1,920 ጨርቆች ነበሩት። እያንዳንዱ ጨርቅ ወርዱ 3፣ ቁመቱ 6 ጫማ ነው፤ የመቃብር ልክ እንዲሆን ታስቦ። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 50 ሺህ ደርሷል። በሌኒንግራድ ሕክምና በምማርበት ዘመን፣ በዚህ አገር እናቶች፣ ወንድሞች፣ ወዳጆች ለማይለብሰው ሰው ስሙን በጨርቅ ላይ ይሰፉ ነበር። ብዙዎቹ በሕይወቱ ሳለ ያላደረሱለት ነገር እንደ ነበር እገምታለሁ። ነገር ግን ያ ጨርቅ የሚለው ነገር ግልጽ ነው። ይህ ሰው ሞቷል ይላል፤ ስሙንም ይጽፋል። የኔን ሹራብ ሁለተኛ እጅጌ ብሠራለት ሹራቡ የሚለው ሌላ ነገር ነው። ደርሶ ነበር የሚል ይሆናል። እኅቴ ለብሳው የሚያያት ሰው ያለቀ ሹራብ ያያል። እኔ ይህን ማለት አልፈልግም። ወዳጄ ይህ ድርቅና ነው ትላለች፤ ብርድ ብርድ ነው፣ ሱፍ ሱፍ ነው፣ ለብሶ የሚሞቀው ሰው ካለ ምን አከራከረሽ ትላለች። በጂስ ቤንድ ሴቶች ፊት ቀርበን ብንጠይቃቸው ለሷ የሚፈርዱላት ይመስለኛል። እስካሁን ግን ከቦታው አላነሣሁትም።

ዘንድሮ ከረጢቴ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ለእኅቴ የሚሆን፣ ግራጫ፣ ከፊት የሚቆለፍ ሹራብ። የጀመርኩት በሰኔ ነው፤ ሁለቱን እጅጌዎች ቀድሜ ሠራኋቸው። በሆስፒታሉ የኮፍያ ዝርዝር ላይ ስሜን አልጻፍኩም፤ ያ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የኔንም ድርሻ እንደሚሠራ ነገረኝ፣ ጣቶቹ ዛሬም አይሳሳቱም። ሹራቡ የሚፈልገው 4 ሚሊ ሜትር መርፌ ነው። ያ መርፌ አለኝ፤ ነገር ግን የእናቴ ሹራብ ሁለተኛ እጅጌ የሚጀመርባቸው 52 ቀለበቶች ከሐዘኑ በኋላ አንድ ማታ ጀምሬ ከተውኳቸው ጊዜ አንሥቶ በሱ ላይ ናቸው። ወደ ሱቅ ሄጄ ሌላ ጥንድ ገዛሁ። ሻጪዋ፣ «ይሄ መጠን በብዛት የሚያዝ ነው፤ ከዚህ በፊት የለዎትም?» አለችኝ። አለኝ፣ ተይዟል አልኳት።